ዐፄ ቴዎድሮስ እንደ ሥራ መሪ፤ ከጋፋት እስከ መቅደላ

የምርትና የአገልግሎት ሥራ አመራር የሚባለው የዕውቀት ዘርፍ የሚያነሣው ጥያቄ በመሠረቱ ቀላል ነው። የሰው ጉልበት፣ ጥሬ ዕቃ፣ መሣሪያ፣ ገንዘብና ጊዜ በአንድ በኩል ይገባሉ፤ በሌላው በኩል የሚፈለገው ዕቃ ወይም አገልግሎት ይወጣል፤ በመካከል ያለውን ሥራ ማን፣ የት፣ በምን ያህል አቅምና በምን ቅደም ተከተል ይመራዋል ነው ነገሩ። ይህን ትምህርት ስናስተምርም ሆነ ስንማር ምሳሌዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ማዶ የመኪና ፋብሪካዎች የተቀዱ ናቸው። ዳሩ ግን ከዕቃ ማምረቻው እስከ ማጓጓዣው፣ ከስንቅ አቅርቦቱ እስከ መጨረሻው ፍተሻ ድረስ አንድም ነገር ሳይጎድል የሚታይበት ታሪክ በራሳችን ደጋ ላይ ተፈጽሟል። ባለቤቱም ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። የጦር ሰውነታቸውን ብዙዎች ጽፈውታል፤ እዚህ የምናየው የሥራ መሪነታቸውን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተሰጡት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ፣ የደቡብ ወሎን ምዕራባዊ ደጋ ይዘን ስንሄድ፣ በተንታ ወረዳ የመቅደላን አምባ እናገኛለን። በመካነ ሰላምና በቱሉ አውሊያ የሚያስተምረው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ስሙን የወሰደው ከዚሁ አምባ ነው። አገሩን የረገጠ ሰው እንደሚያውቀው ደጋው ከላይ ሲታይ ለጥ ያለ ሜዳ ይመስላል፤ ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ግን መሬቱ በድንገት ተሰንጥቆ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ገደል ከእግር በታች ይከፈታል። በሽሎ ወደ ዓባይ የሚወርደው በእንዲህ ያለ ሸለቆ ውስጥ ነው። በዚህ አገር ርቀትን በካርታ ለክቶ የሥራ ዕቅድ የሚያወጣ መሐንዲስ ከወዲሁ ተሳስቷል፤ እዚህ የሚለካው መውረዱና መውጣቱ ነው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። የሹም ዘር ቢሆንም አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተበት እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በጎንደር ኮሶ እየሸጠች አሳደገችው ይባላል፤ ጠላቶቹም ይህንኑ እስከ መጨረሻው ይሰድቡበት ነበር። በገዳም ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠረ፤ ከዚያም ሸፈተ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ በተባለው ስፍራ የደረሰበት ሽንፈት ነው። በዚያ ቀን ጀግንነት ሳይጎድለው፣ በሥርዓት በተሰለፈና መድፍ በያዘ የግብፅ ጦር ተመታ። ሌላው ሹም ቢሆን ሽንፈቱን በዕድል ወይም በኃጢአት ያሳብብ ነበር፤ ካሣ ግን ምክንያቱን በመሣሪያውና በአደረጃጀቱ ፈለገ። ከዚያ በኋላ ያደረገው ሁሉ ከዚህ ቀን ትምህርት የመነጨ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

በ1845 ዓ.ም. ኅዳር በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ በአይሻል የራስ ዐሊን ጦር ድል አደረገ፤ በ1847 ዓ.ም. የካቲት በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን አሸንፎ በዚያው በደረስጌ ማርያም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ወሎ ዘምተው መቅደላን ያዙ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላ በመጀመሪያ የነኩት አደረጃጀቱን ነው። ወታደሩ በየመስፍኑ ሥር ተበታትኖ፣ ገበሬውን እየዘረፈ የሚኖር ስለ ነበር፣ ከየአውራጃው የመጣውን ቀላቅለው በአንድ ዕዝ ሥር አደረጉት፤ የዐሥር አለቃ፣ የሃምሳ አለቃ፣ የመቶ አለቃና የሺህ አለቃ የሚባለውንም የማዕረግ ደረጃ አቋቋሙ። አንድ አለቃ በቀጥታ ሊቈጣጠር የሚችለው የሰው ቍጥር ውሱን ነው የሚለውን ሐሳብ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት እናነባለን፤ እሳቸው በተግባር አውለውት ነበር። ወታደሩም ከመዝረፍ ይልቅ ደመወዝ እንዲቀበል ወሰኑ።

ደመወዝ ግን ምንጭ ይፈልጋል። ሰፊው መሬት በቤተ ክርስቲያን እጅ ስለ ነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለእያንዳንዱ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን የሚያኖር መሬት ብቻ ቀርቶለት የተረፈው ለገበሬ ተሰጥቶ ግብር እንዲከፈልበት ፈለጉ። ካህናቱ እንቢ አሉ፤ በ1852 ዓ.ም. መሬቱ ሲነጠቅ ጠቡ ወደ ማይታረቅ ደረጃ ደረሰ፤ ጳጳሱ አቡነ ሰላማም በኋላ መቅደላ ታስረው በዚያው ሞቱ። በሙያችን ቋንቋ ብንናገር፣ የምርቱ ዕቅድ ተነድፎ የግብአቱ ምንጭ ሳይረጋገጥ ሥራው ተጀመረ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የንጉሠ ነገሥቱን ውድቀት ከቍጣቸው ጋር ያያይዙታል፤ እኔ ግን ቍጣው ራሱ በከፊል የዚህ ጉድለት ውጤት ነው የሚለው ያመዝንብኛል። ደመወዝ ያላገኘ ሠራዊት ወደ ዝርፊያው ተመለሰ፤ የተዘረፈ አገር ሸፈተ፤ የሸፈተ አገር ግብር አልከፈለም፤ ይህም ይበልጥ መዝረፍን አስከተለ። በ1857 ዓ.ም. ሰኔ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ራሷ ተዘርፋ ተቃጠለች። በ60,000 ይገመት የነበረው ሠራዊት ወደ 10,000 ገደማ ወረደ።

በዚህ መካከል ነው የጋፋት ሥራ የሚመጣው። መሣሪያን ከውጭ መግዛት ወይስ በአገር ውስጥ መሥራት የሚለው ምርጫ ዛሬም በየመሥሪያ ቤታችን የሚነሣ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሁለቱንም ሞክረዋል። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ፤ መልስ ሳይመጣ ሲቀር ቆንሲሉን ካሜሮንን አሠሩ፤ ነገሩም ወደ ጦርነት አመራ። በአገር ውስጥ ደግሞ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በተባለው ስፍራ፣ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የእጅ ሙያተኞችን እነ ዋልድማየርንና ዛልሙለርን ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩ አዘዙ። እነዚህ ሰዎች መድፍ ቀልጦ ሲፈስ አይተው የማያውቁ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ተስፋ ሳይቈርጡ ደጋግመው አሠሯቸው፤ ከእነሱ ጋር የተመደቡት ኢትዮጵያውያንም እየሠሩ ተማሩ። እንዲህ ያለው ከውድቀት እየተማሩ የመሄድ ትዕግሥት በሌላው አስተዳደራቸው ብዙ የማይታይ ስለ ሆነ ጎላ ብሎ ሊመዘገብ ይገባል።

በመጨረሻም በ1859 ዓ.ም. ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ትልቁ መድፍ ተሠራ። በክሪሚያ ጦርነት ስሟ በገነነው ከተማ ሴባስቶፖል ተባለ።

እንግዲህ ዋናው ችግር እዚህ ላይ ይጀምራል። ዕቃው ሲታቀድ የሚጓጓዝበት መንገድ አብሮ አልታቀደም። 7 ቶን የሚመዝን፣ ሊፈታና ሊከፋፈል የማይችል አንድ ብረት፣ መንገድ በሌለበት አገር ለመጎተት ብቻ 500 ያህል ሰው ጠየቀ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፎቹን የሚጎትት፣ መንገዱን የሚቈፍር፣ በየአቅጣጫው ሽፍታ የሚከላከል ያው አንዱ ሠራዊት ነበር። ስንቅ የሚፈልገውም እሱው ነው። አንድ ቡድን አራት ሥራ ሲደራረብበት የጠቅላላው ጉዞ ፍጥነት በደካማው ሥራ ፍጥነት ይወሰናል፤ ማነቆ የምንለው ይህንኑ ነው። እዚህ ማነቆው መንገዱ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ይህን በሚገባ የተረዱ ይመስላል፤ ምክንያቱም ኃይላቸውን ሁሉ በዚያው ላይ አዋሉ። ድንጋዩ በባሩድ ተፈነዳ፤ ገደሉ ተጠርቦ ተዳፋቱ እንዲለዝብ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወረደ፤ እሳቸውም ከወታደሩ ጋር በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። የጅጣን ሸለቆ ወርደው ወጡ፤ የዋድላንና የደላንታን ደጋ አቋረጡ፤ በሽሎንም ወርደው እንደገና ወጡ። መድፉን ወደ ላይ መጎተቱ አድካሚ ነው፤ ወደ ታች ማውረዱ ግን ይበልጥ አስፈሪ ነው፤ 7 ቶን ከእጅ ካመለጠ የሚያቆመው የለምና ከኋላ በጠፍር የሚይዘው ሰው ከፊት ከሚጎትተው ማነስ የለበትም። መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ነበር። በቀጥታ መስመር ቢለካ ርቀቱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የፈጀው ጊዜ ወደ 170 ቀን ይጠጋል። በቀን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሆኖም ያ ሥራ ያለ ዘመናዊ መሣሪያ፣ በየቀኑ በሚሳሳ ሠራዊትና በጠላት አገር መካከል የተከናወነ መሆኑን ስናስብ፣ በመንገድ ሥራ የተሰማራ የሙያ ባልደረባ ሁሉ ቆብ ማንሣቱ አይቀርም።

በዚያው ጊዜ ከሌላ አቅጣጫ ሌላ ጉዞ ይመጣ ነበር። የጄኔራል ናፒየር ጦር 13,000 ያህል ወታደር፣ ከዚያ በእጥፍ የሚበልጥ ጓዝ ተከታይና 44 ዝሆኖች ይዞ ከዙላ ወደብ ተነሣ። ከባሕር እስከ መቅደላ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ናፒየር ከመራመዱ በፊት ወደቡን አሠራ፤ የባሕር ውሃ ማጣሪያ ተከለ፤ በሜዳው ላይ ሐዲድ አነጠፈ፤ በየመንገዱ የስንቅ ጣቢያ አቋቋመ። ከሕዝቡ የሚፈልገውን እህልና ከብት በማሪያ ቴሬዛ ብር ገዛ፤ በትግራይ ከደጃዝማች ካሣ፣ ከኋለኛው ዐፄ ዮሐንስ፣ ጋር ተስማማ። ቀላል መድፎቹ ተፈታትተው በበቅሎ የሚጫኑ ነበሩ። ይህ ሁሉ ከንጉሠ ነገሥቱ የማይወዳደር ሀብት የጠየቀ ስለ ሆነ በእኩል ሚዛን ማቅረቡ አግባብ አይደለም። ነገር ግን አንዱ በገንዘብ ሲገዛ ሌላው በዝርፊያ ይወስድ ስለ ነበር፣ ገበሬው እህሉን ለማን እንደሚያወጣና ከማን እንደሚደብቅ ግልጽ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ከዋድላ ወዲህ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ወርዶ የወጣው ዐፄ ቴዎድሮስ በስድስት ወር ድካም በጠረቡት መንገድ መሆኑ ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ ፊታውራሪ ገብርዬ ጦሩን ይዞ ወደ አሮጌ ወረደ። ከፋላ ተራራ ላይ የተተኰሱት መድፎች አብዛኞቹ ከጠላት በላይ አለፉ፤ ከትልልቆቹ አንዱም ባሩዱ በዝቶበት ፈነዳ። መሣሪያው በሰላም ጊዜ አልተፈተሸም፤ ተኳሹም በላዩ አልተለማመደም። ሰባት መቶ ያህል ኢትዮጵያውያን ከነገብርዬ ወደቁ፤ በእንግሊዝ በኩል የቈሰሉት 20 ያህል ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ እስረኞቹን አውሮፓውያን ለቀቁ፤ ራሳቸውን ግን አልሰጡም። ሚያዝያ 6 ቀን የእንግሊዝ ጦር የአምባውን በር ሰብሮ ሲገባ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ በልካላቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አሳለፉ።

እንግሊዞች አምባውን አቃጠሉ፤ ከጎንደር ተሰብስበው የነበሩትን የብራና መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ሄዱ። ሴባስቶፖል ግን እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው። እውነተኛውን ለማየት የሚፈልግ አባል ወደ ተንታ ይሂድ፤ በሽሎን ተሻግሮ ቢመጣ ደግሞ ተዳፋቱን በእግሩ ይለካዋል።