ፍሬ እንደሚተነፍስ ያስተዋለው ሐኪም፤ ያን ኢንገንሃውስ

ከዛፍ የተቆረጠ ፍሬ በድን ይመስላል። ሥር የለው፤ ቅጠል የለው፤ በቅርጫት ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ነገር ግን በስሎ እስኪበሰብስ ድረስ እንደ እኛው ይተነፍሳል። ይህን በሙከራ ካስተዋሉት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ ሐኪሙ ያን ኢንገንሃውስ ነው። የሕይወቱን ታሪክ ለአንባብያን ባጭሩ አቀርባለሁ፤ ዘመኑም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኢንገንሃውስ በ1730 በሆላንድ አገር ብሬዳ በምትባል ከተማ ተወለደ። በሉቨን የሕክምና ትምህርት ተምሮ በ1753 በዶክተርነት ተመረቀ። ወደ ትውልድ ከተማውም ተመልሶ ሕመምተኞችን ሲያክም ቆየ፤ አባቱ ከሞቱ በኋላ ግን ወደ ለንደን ተሻገረ።

በዚያ ዘመን ፈንጣጣ ድኃና ንጉሥ ሳይለይ ሰውን ይፈጅ ነበር። መከላከያውም ከበሽተኛ ቁስል ጥቂት መግል ወስዶ በጤነኛ ሰው ቆዳ ውስጥ ማስገባት ነበር፤ በዚሁ ምክንያት የሚሞትም ስለ ነበር ብዙ ሰው ይፈራው ነበር። በ1768 የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ኢንገንሃውስን ወደ ቪየና አስጠርተው ልጆቻቸውን አስከተቡ። ልጆቹ በደኅና ስለ ወጡለት ንግሥቲቱ የቤተ መንግሥት ሐኪም አድርገው ሾሙት፤ ዘላቂ ደመወዝም ቆረጡለት።

ኑሮው ቢደላደልም ከምርምር አላረፈም። እንግሊዛዊው ሊቅ ፕሪስትሊ፥ ሻማ ነድዶ ያበላሸውን አየር ተክል መልሶ እንደሚያድሰው በ1771 ተመልክቶ ነበር። ሙከራው ሲደጋገም ግን አንድ ጊዜ ይሳካል፥ አንድ ጊዜ ይከሽፋል፤ ምክንያቱም አልታወቀም። በ1779 ኢንገንሃውስ ከለንደን ወጣ ብሎ ቤት ተከራየ፤ ሦስት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥም አምስት መቶ ያህል ሙከራ አደረገ። ቅጠሉን በፀሐይም፥ በጨለማም እያስቀመጠ አየሩን መረመረ። ምስጢሩ ተገለጠለት፤ አየርን የሚያድሰው አረንጓዴው የተክል ክፍል ብቻ ነው፤ ለዚያውም ብርሃን ሲያገኝ ነው፤ በጨለማ ግን እርሱም አየሩን ያበላሻል። ወደ ፍሬ በተመለሰ ጊዜ ደግሞ ፍሬ ሌሊትም ቀንም አየርን እንደሚያበላሽ አየ። ይህን ሁሉ በዚያው ዓመት በመጽሐፍ አሳተመ።

ኢንገንሃውስ የፍሬው ትንፋሽ ሰውን የሚጎዳ መስሎት ነበር። በዚህ ተሳስቷል፤ ያየው ነገር ግን እውነት ነበር። በ1821 ፈረንሳዊው ቤራር፥ ፍሬ ኦክሲጅን እየወሰደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያወጣ፥ ኦክሲጅን ካጣም እንደማይበስል አስረዳ። በ1920ዎቹም ኪድና ዌስት የተባሉ የካምብሪጅ ሊቃውንት የፖምን ትንፋሽ ለኩ። ትንፋሹ ከተቆረጠ በኋላ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ መብሰል ሲጀምር በኃይል ይጨምራል፤ ጫፍ ከደረሰ በኋላ እንደገና ይወርዳል። ሙዝ፥ ማንጎና አቮካዶም እንዲሁ ናቸው፤ ብርቱካንና ወይን ግን ይህ ድንገተኛ ጭማሪ የላቸውም።

ይህ ዕውቀት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ፍሬ በተነፈሰ ቁጥር ያጠራቀመውን ምግብ ያቃጥላል፤ ትንፋሹ ሲፋጠን ዕድሜው ያጥራል። ቅዝቃዜ ትንፋሹን ስለሚያዘገይ፥ በልኩ የቀዘቀዘ ፍሬ ሳይበላሽ ሩቅ ገበያ ይደርሳል። ይህ ባይታወቅ ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የደከመበት ፍሬ በመንገድ ላይ በስብሶ ይቀር ነበር።

ኢንገንሃውስ በ1799 በእንግሊዝ አገር አረፈ። ቅጠልን በፀሐይ ብቻ አይቶ ቢተወው ኖሮ፥ የሚያውቀው የነገሩን እኩሌታ ብቻ ነበር። እኛም ተማሪዎች አንድ ሙከራ ስለ ተሳካልን ደብተራችንን ለመዝጋት አንቸኩል፤ በብርሃን ያየነውን ነገር በጨለማም እንመልከተው።