ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት፦ ጭሮን በፕላን የቆረቆሩት ሰው

ከቦኬ ወደ ጭሮ የሚመጣ ሰው ጉዳዩ ገበያ ነው፣ ሕክምና ነው፣ ወይ መናኸሪያ። ከተማውን ማን ቆረቆረው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር። ትልልቆቹ አሁንም አስበ ተፈሪ የሚሉት ይህ ከተማ ቤት በቤት ላይ እየተደረበ በዘፈቀደ ያደገ ሳይሆን በፕላን የተቆረቆረ መሆኑን ያወቅሁት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው። ሰውየው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይባላሉ።

የተወለዱት በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ነው። በልጅነታቸው ሐረር መጥተው በራስ መኮንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ሲዘመት ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ቢሆንም አብረው ሄዱ። ከድሉ በኋላ ሊዮንቴቭ የተባለው ሩሲያዊ ይዟቸው ወደ አገሩ ሄደ። እዚያ አንድ የጦር መኮንን ቤተሰብ አሳደጋቸው፤ ቀጥሎም ፒተርስበርግ በሚገኘው የመድፈኞች ትምህርት ቤት ተማሩ። መድፈኛ ደግሞ ርቀትና ማዕዘን ሳይለካ አይተኩስም። እንደኔ ግምት መሬትን በመለኪያ ዓይን ማየት የጀመሩት ያኔ ነው። ከሩሲያ ከተመለሱ በኋላም አልተቀመጡም፤ አውሮፓ ሄደው ስለ እርሻ ተማሩ።

በዚያ ዘመን ፈረንጆቹ ፈቃድ እያወጡ ወደ ወለጋ ወርቅ ፍለጋ ይሮጡ ነበር፤ ዩብዶ ላይ ፕላቲነምም ተገኝቷል። ተክለ ሐዋርያት ግን ዓይናቸው ያረፈው በአፈሩ ላይ ነው። የቸርቸር ደጋ ቡናና እህል ለሳቸው ከዚያ አያንስም ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ጅጅጋን እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ። መንገዶቿ ቀጥ ብለው እርስ በርስ እንዲቋረጡ አድርገው ቀየሷት። በ1915 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ወደ ቸርቸር ተዛወሩ፤ አስበ ተፈሪም በሳቸው ጊዜ ተቆረቆረ። ስሙ የአልጋ ወራሹ የራስ ተፈሪ ነው። ባቡሩ ከታች በሚኤሶ ስለሚያልፍ ለደገኛው ገበያ ቅርብ ነበረ። ቸርቸር ለሌላው አገር አርአያ የሚሆን ግዛት ተባለ፤ ከሳቸው በኋላም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን የመሰለ የተማረ ሰው ተሾመበት።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ለከተማው ልኬት ማለት ቀጥ ያለ መንገድ ነው፤ ለገጠሩ ግን ቀላድ ነው። በደቡብና በምሥራቅ ቀላድ ሲጣል መሬቱ ለመንግሥትና ለሹም ሄዶ የአባቱን ማሳ የሚያርሰው ሰው ጭሰኛ የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። አያቴ ይህን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። ስለዚህ ፊታውራሪውን ሳደንቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግማሽ ልቤ እዚያው ማሳው ላይ ይቀራል።

የቀረውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት የወልወልን ጉዳይ ተከራከሩ። ፋቡላ የተባለውን ቴአትር የደረሱትም እሳቸው ናቸው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲያሸንፍ ንጉሡ ከአገር መውጣታቸውን አጥብቀው ተቃወሙ። እሳቸውም ተሰደዱና ማዳጋስካር ገቡ። ጣሊያን በ1933 ተባሮ ሌሎቹ ስደተኞች ሲመለሱ እሳቸው ገና እዚያው ነበሩ፤ ስደቱ ወደ ሃያ ዓመት ፈጀ።

ሲመለሱ የኖሩት ሂርና ነው፤ ድሮ ባስተዳደሩት በቸርቸር ምድር፣ እንደ ገበሬ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ሽማግሌው በሕይወት ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. አረፉ። የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው የታተመው ከሞቱ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። እኔ መጽሐፉን ተውሼ ከሐረር በኩል ወደ ቤት ስመለስ ይዤው ነበር። አውቶቡሱ ሂርና ላይ ለምሳ ሲቆም አጠገቤ የተቀመጡትን አዛውንት ተክለ ሐዋርያትን ያውቋቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሰውየውን አላወቋቸውም፤ ቀላድን ግን ነገሩኝ፣ እስከ ጭሮ ድረስ።