ቅዱስ ካሚሎስ ደ ሌሊስ፦ ከቤት አልባ ወታደርነት ወደ ሕሙማን አገልጋይነት

ምእመናን ቅዱስ ካሚሎስን የሚያውቁት የሕሙማንና የሐኪም ቤቶች ጠባቂ ቅዱስ በመሆኑ ነው። በሥዕሉም ላይ በጥቁር ቀሚሱ ደረት ላይ ትልቅ ቀይ መስቀል ያለበት፣ በሽተኛ ደግፎ የሚታይ ቁመተ ረጅም ካህን ሆኖ እናገኘዋለን። በዚህ እትም ግን በተለይ ልንተርክ የወደድነው ሥዕሉ ስለማያሳየው ዘመኑ፣ ይኸውም ከጦር ሠራዊት ተሰናብቶ፣ ቤትና ዘመድ አጥቶ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እጁን ለምጽዋት ስለዘረጋበት ዘመን ነው። በትረካችን ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካሚሎስ በ1550 ዓ.ም. በደቡባዊ ኢጣልያ በአብሩዞ አውራጃ፣ ቡኪያኒኮ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። እናቱ ካሚላ የወለደችው ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኗት ሳለ እንደ ነበረ ይነገራል፤ እርሷም ገና በልጅነቱ ዐረፈች። አባቱ ጆቫኒ በጦር ሠራዊት ውስጥ ሻምበል ስለ ነበረ ከቤት ይልቅ በጦር ሰፈር የሚውል ሰው ነበር። በመሆኑም ልጁ ያደገው ተቆጣጣሪ ሳይኖረው ነው። ቁመቱ ከሰው ሁሉ በላይ ረዘመ፤ ቁጣው ፈጣን ሆነ፤ ካርታና ዛር መጫወትንም ከፊደል ይልቅ ወደደ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከአባቱ ጋር በቬኒስ መንግሥት ሥር ከቱርኮች ጋር ለመዋጋት ተነሣ። አባትየው ግን ጦር ሜዳ ሳይደርስ በመንገድ ታሞ ሞተ። በዚያው ጊዜ ገደማ በካሚሎስ እግር ላይ አንዲት ቁስል ወጣች። ይህች ቁስል እስከ ዕለተ ሞቱ አልዳነችም፤ አርባ ስድስት ዓመት ያህል ከእርሱ ጋር ኖራለች።

በ1571 ዓ.ም. ቁስሉን ለመታከም ሮማ ወደሚገኘው ቅዱስ ያዕቆብ የተባለ የማይድኑ ሕሙማን ሐኪም ቤት ገባ። የሕክምናውን ዋጋ በአገልጋይነት ሥራ ይከፍል ነበር። ሆኖም ጠበኛና ቁማርተኛ ሆኖ ስለ ተገኘ ከወራት በኋላ አሰናበቱት። ኋላ የሐኪም ቤቱ ሁሉ አስተዳዳሪ የሚሆነው ሰው ከዚያው ቤት ተባርሮ ነበር ማለት ነው።

ወደ ውትድርናው ተመለሰ። በ1574 ዓ.ም. መኸር ያገለግልበት የነበረው ጦር በኔፕልስ ወደብ ተበተነ። በዚያ ዘመን መንግሥታት ወታደርን በደመወዝ ይቀጥሩታል፤ ዘመቻው ሲያበቃ በደረሰበት ወደብ አውርደው ይተዉታል። ጡረታ የለም፤ የመመለሻ ስንቅ የለም፤ ሲዋጋ ከኖረ በቀር ሌላ ሙያ አልተማረም። ካሚሎስም በእጁ የቀረችውን ገንዘብ ይዞ ወደ ቁማር ሄደ። በመጀመሪያ ገንዘቡን፣ ቀጥሎ ሰይፉን፣ ጠመንጃውንና ካባውን፣ በመጨረሻም የለበሰውን ሸሚዝ ሳይቀር አጣ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።

ይህን ስንጽፍ በእኛ አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ያየነው ትዝ ይለናል። በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ወታደሮች መሣሪያቸውን አስረክበው በየመንገዱ ወደቁ። አካላቸው የጎደለ ጎልማሶች የደንብ ልብሳቸውን ሳያወልቁ በየቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ተቀምጠው ነበር። ካሚሎስን በዚያ ረድፍ ውስጥ አስቀምጠን ብናስብ አንሳሳትም።

ካሚሎስ ከአንድ ጓደኛው ጋር እየለመነ ወደ ምሥራቁ ባሕር ዳርቻ ተጓዘ። በኅዳር መጨረሻ፣ በሐዋርያው ቅዱስ እንድርያስ በዓል፣ በማንፍሬዶኒያ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን በር ቆሞ ምጽዋት ጠየቀ። ሲለምን ያፍር ነበር፤ ቁመቱም አላስደበቀውም። አንቶኒዮ ዲ ኒካስትሮ የተባለ የከተማው ባለጸጋ ባየው ጊዜ ሳንቲም ሰጥቶ ማለፍ ይችል ነበር። ነገር ግን ይህን የሚያህል ብርቱ ወጣት ስለ ምን ይለምናል ብሎ ጠየቀው። ካሚሎስም የተበተነ ወታደር መሆኑን ነገረው። አንቶኒዮ በዚያ ጊዜ የካፑቺን መነኮሳትን ገዳም ሥራ ይከታተል ስለ ነበር የቀን ሥራ እንደሚሰጠው ነገረው። ካሚሎስ ወዲያውኑ እሺ አላለም፤ ከጓደኛው ጋር ጥቂት መንገድ ከሄደ በኋላ ነበር ሐሳቡን ለውጦ የተመለሰው። ሥራውም ሁለት አህዮች እየነዳ ድንጋይ፣ ኖራና ውኃ ማመላለስ ነበር። የከተማው ልጆች የወታደር ልብስ ለብሶ አህያ በሚነዳው ሰው ይሳለቁበት ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢያችን እንዲያስተውለው የምንወደው ነገር አለ። አንቶኒዮም ሆነ መነኮሳቱ ካሚሎስን አስቀድሞ ቁማሩን እንዲተው፣ ጠባዩን እንዲያሳምር አልጠየቁትም። ሥራ፣ ምግብና ማደሪያ ሰጡት። እርሱም በዚያን ጊዜ የተለወጠ ሰው አልነበረም፤ ሐሳቡ ክረምቱን ከብርድ አምልጦ፣ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሞ ወደ ጦር ሜዳ መመለስ ነበር። በዘመናችን በአሜሪካ ስለ ቀድሞ ወታደሮች የተደረገውን ጥረት የተከታተለ ሰው ይህ ነገር አዲስ አይሆንበትም። በዚያ አገር በ2010 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት በተደረገ ቆጠራ ከ74 ሺሕ የሚበልጡ የቀድሞ ወታደሮች ያለ ቤት ተገኝተው ነበር፤ በ2024 ዓ.ም. ቁጥራቸው ወደ 33 ሺሕ ገደማ ዝቅ ብሏል። ይህ የሆነው በአመዛኙ ሰውየው ከመጠጥ ወይም ከሌላ ሱስ እስኪላቀቅ ሳይጠበቅ በመጀመሪያ የቤት ኪራዩ ስለሚደጎምለት፣ ከዚያም ሐኪምና አማካሪ ቤቱ ድረስ ስለሚከታተሉት ነው። ጥቂት የማይባሉ ደግ ሰዎች ይህን አሠራር ስንፍናን እንደ መሸለም ይቆጥሩታል፤ የካሚሎስ ታሪክ ግን በእነርሱ ወገን አይመሰክርም።

የልቡ ለውጥ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። በመነኮሳቱ ተልኮ ወደ ሳን ጆቫኒ ሮቶንዶ ሄዶ ሳለ አባ አንጀሎ የተባሉ መነኩሴ ስለ እግዚአብሔር አጫወቱት። በማግሥቱ፣ በ1575 ዓ.ም. ጌታ ወደ ቤተ መቅደስ በቀረበበት በዓል ዕለት፣ ሲመለስ ከእንስሳው ጀርባ ወርዶ በድንጋያማው መንገድ ላይ ተንበርክኮ ስለ ቀድሞ ኑሮው አለቀሰ። በካፑቺኖችም ዘንድ የምንኩስና ተመክሮ ጀመረ። ሆኖም የልብሱ ጠርዝ እግሩን እየፈገፈገ ቁስሉን ስላባሰው ሊቀበሉት አልቻሉም። ወደ ሮማ፣ ወደ ዚያው አባርሮት ወደ ነበረው ሐኪም ቤት ተመለሰ።

በዚያም ሕሙማን በደመወዝተኞች እጅ እንዴት እንደሚጎሳቆሉ አየ። በ1582 ዓ.ም. ስለ ደመወዝ ሳይሆን ስለ ፍቅር የሚያገለግሉ ሰዎችን ለመሰብሰብ አሰበ። የነፍስ አባቱ ቅዱስ ፊልጶስ ኔሪ ሐኪም ቤቱን እንዳይለቅ መክሮት ነበር፤ እርሱ ግን በሐሳቡ ጸና። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ከሕፃናት ጋር ተቀምጦ ላቲን ተማረ፤ በ1584 ዓ.ም. ማዕርገ ክህነት ተቀበለ። ማኅበሩን ር.ሊ.ጳ. ሲክስቶስ 5ኛ በ1586 ዓ.ም. አጸደቁለት፤ ቀዩንም መስቀል እንዲለብሱ ፈቀዱላቸው። ብዙዎች ይህን መስቀል ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ማኅበር ጋር ያያይዙታል፤ የዚያ ማኅበር ምልክት ግን በ1864 ዓ.ም. ለብቻው የተመረጠ ነው። በ1591 ዓ.ም. ማኅበሩ ሙሉ የምንኩስና ሥርዓት ሲሆን አባላቱ ከሦስቱ ብፅዓቶች በተጨማሪ ነፍሳቸውን ለአደጋ በሚጥል ጊዜም ቢሆን ሕሙማንን ሊያገለግሉ አራተኛ ብፅዓት ገቡ።

ብፅዓቱ የቃል ብቻ አልነበረም። ተላላፊ በሽታ የገባባቸው መርከቦች ወደ ኔፕልስ ወደብ እንዳይጠጉ በተከለከሉ ጊዜ ወንድሞች ወደ መርከቦቹ ገብተው አገለገሉ፤ ሁለቱም በዚያ ሞቱ። በ1595 እና በ1601 ዓ.ም. በሃንጋሪና በክሮኤሽያ ከሚዋጋው ሠራዊት ጋር ወንድሞችን ላከ፤ የቆሰለው ወታደር በወደቀበት ስፍራ የሚያነሣው ሰው እንዲያገኝ ነበር። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ከመጀመሪያዎቹ የጦር ሜዳ ሕክምና ቡድኖች አንዱ ያደርጉታል። በሐኪም ቤቶችም መስኮት እንዲከፈት፣ ተላላፊ በሽታ ያለበት እንዲለይ፣ ለሕመምተኛ የሚስማማ ምግብ እንዲሰጥ አደረገ። አንዳንዶች ነፍሳቸው ሳትወጣ እንደሚቀበሩ በተረዳ ጊዜ፣ የሞተ የመሰለውን ሰው ፊት ፈጥነው እንዳይሸፍኑና ቢያንስ ለሩብ ሰዓት ጸሎት እንዲቀጥሉ አዘዘ። በ1598 ዓ.ም. በልደት በዓል ሰሞን የቲቤር ወንዝ ሞልቶ ሮማን ሲያጥለቀልቅ የመንፈስ ቅዱስ ሐኪም ቤት ሕሙማንን በትከሻው እየተሸከመ ወደ ላይኛው ፎቅ አወጣቸው፤ የታመመው እግሩ በውኃ ውስጥ ነበር።

በ1607 ዓ.ም. የአለቅነቱን ሥልጣን በፈቃዱ ለቀቀ። ከዚያ በኋላም መቆም ባቃተው ጊዜ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው አልጋ እየዳኸ በሽተኞችን ይጠይቅ እንደ ነበረ ተጽፏል። ጁላይ 14 ቀን 1614 ዓ.ም. በሮማ ዐረፈ። ቅድስናውን ር.ሊ.ጳ. ቤነዲክቶስ 14ኛ በ1746 ዓ.ም. አወጁ። በ1886 ዓ.ም. ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ ከቅዱስ ዮሐንስ ዘእግዚአብሔር ጋር የሕሙማንና የሐኪም ቤቶች ጠባቂ አድርገው ሰየሙት። የሚገርመው ቅዱስ ዮሐንስም እንደ እርሱ ከሠራዊት የተሰናበተና ለብዙ ዓመት ያለ ቤት የተንከራተተ ወታደር ነበር። የቅዱስ ካሚሎስ ዐፅም በሮማ ከተማ በቅድስት ማርያም መግደላዊት ቤተ ክርስቲያን ይገኛል።