ጉሊየልሞ ማርኮኒ እና የመርከብ አንቴና

በባሕር ጉዞ ደኅንነት ታሪክ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣ የፈጠራ ሰዎች አንዱ ጣሊያናዊው ጉሊየልሞ ማርኮኒ ነው። ማርኮኒ በ1874 በቦሎኛ ከተማ ከጣሊያናዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለደ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጀርመናዊው ሄንሪክ ኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ መኖሩን ቀደም ብሎ በቤተ ሙከራ አረጋግጦ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሞገዱ ለመልእክት መለዋወጫ ገና አልዋለም። ማርኮኒ በ1895 በአባቱ ርስት ላይ ባደረገው ሙከራ የማሰራጫውን አንድ ጫፍ በምሰሶ ወደ ላይ ሰቀለ፤ ሌላውን ጫፍ ከመሬት ጋር አገናኘ። በዚህም ምልክቱ ኮረብታ ተሻግሮ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ። የአንቴናው ከፍታና ከመሬት ጋር ያለው ግንኙነት የመሣሪያውን አቅም እንደሚወስን የተረዳው በዚህ ሥራ ነው።

በ1896 ወደ እንግሊዝ ሀገር አቅንቶ ለፈጠራው የባለቤትነት መብት ጠየቀ። በቀጣዩ ዓመት በላ ስፔዚያ ወደብ ከየብስ የተላከ ምልክት በባሕር ላይ ያለ የጣሊያን የጦር መርከብ ተቀበለ። በ1898 መጨረሻ ደግሞ በእንግሊዝ ጠረፍ አደገኛ በሆነው የጉድዊን አሸዋ አጠገብ መልሕቋን ጥላ የቆመች የመብራት መርከብ በሬዲዮ ከየብስ ጋር ተገናኘች። በመርከብ ላይ መሬት ባይኖርም፣ የባሕር ውኃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ የመሬቱን አገልግሎት ይሰጣል። በ1899 ከዚህችው መርከብ የተላከ የእርዳታ ጥሪ የነፍስ አድን ጀልባ እንዲሠማራ አድርጓል።

በ1901 ማርኮኒ በኮርንዎል ያቆማቸውን የአንቴና ምሰሶዎች ማዕበል ጣላቸው። እርሱ ግን በታኅሣሥ ወር በኒውፋውንድላንድ የመቀበያውን ሽቦ በነፋስ በሚንሳፈፍ ካይት ሰቅሎ፣ አትላንቲክን የተሻገረ ምልክት መስማቱን አስታወቀ። በ1909 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ከጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብራውን ጋር ተጋራ።

በሚያዝያ 1912 ታይታኒክ ስትሰጥም በምሰሶዎቿ መካከል በተዘረጋው አንቴና የተላከውን ጥሪ የሰማችው ካርፓቲያ ከ700 በላይ ሰዎችን አዳነች። ካሊፎርኒያን የተባለችው መርከብ ይበልጥ ቅርብ ብትሆንም የሬዲዮ ሠራተኛዋ ተኝቶ ስለነበር ጥሪውን አልሰማችም። ከ1,500 ገደማ ሰዎች እልቂት በኋላ፣ በ1914 በለንደን የተፈረመው የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ስምምነት የሬዲዮ ጥበቃ ሌት ተቀን እንዲደረግ ደነገገ።

ማርኮኒ ከ1919 ጀምሮ ኤሌትራ የተባለች መርከቡን ተንሳፋፊ ቤተ ሙከራ አደረጋት። በ1934 በሴስትሪ ሌቫንቴ የባሕር ዳርቻ የመሪው ክፍል መስኮቶች ተጋርደው፣ መርከቧ ከየብስ በሚላክ እጅግ አጭር ሞገድ (ማይክሮዌቭ) ብቻ እየተመራች በሁለት ተንሳፋፊ ምልክቶች መካከል አለፈች። ይህም በጉምና በጨለማ ለሚደረግ የሬዲዮ ቅየሳ መንገድ ጠቋሚ ነበር።

የሕይወት ታሪኩ ጥቁር ገጽም አለው። ማርኮኒ የፋሺስት ፓርቲ አባልና የጣሊያን ሮያል አካዳሚ ፕሬዚዳንት ነበር፤ በ1935 በኢትዮጵያ ላይ የተከፈተውንም ወረራ ደግፏል። የሥራው ጠቀሜታ ይህን አቋሙን አይሽረውም፤ አቋሙም ሥራው ያዳነውን ሕይወት አያስቀርም።

ማርኮኒ በሐምሌ 1937 በሮም ሲያርፍ በልዩ ልዩ ሀገራት የሬዲዮ ጣቢያዎች ለሁለት ደቂቃ ሥርጭታቸውን አቋርጠው አስበውታል።

ዛሬ በሽቦው ምትክ የሳተላይት አቅጣጫ መጠቆሚያ፣ የራዳርና የመርከብ መለያ መሣሪያዎች በየአንቴናዎቻቸው ይሠራሉ። የመጀመሪያው ትምህርት ግን አልተሻረም። የሳተላይት አንቴና ምሰሶና ጭስ ማውጫ ሰማዩን በማይጋርዱበት፣ የራዳር ጨረርም በማያገኘው ቦታ ይተከላል። አንቴናውን ከመሣሪያው የሚያገናኘው ኮአክሲያል ገመድ በረዘመ ቁጥር ምልክቱን ያዳክማል፤ አለቅጥ ከታጠፈም ይጎዳል። መጋጠሚያው በሚገባ ካልታሸገ ጨዋማ ውኃ ሰርጎ ገመዱን ከውስጥ ይበላዋል። የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ እያውለበለቡ በዓለም ውቅያኖሶች ለሚጓዙ መርከቦችም ሆነ ለሌሎች፣ የባሕርተኞች ሕይወትና የጭነቱ ደኅንነት በእነዚህ ትንንሽ መጋጠሚያዎች ጥንካሬ ላይ የተመሠረተ ነው።