ኦቶ ሌማንና የፈሳሽ ክሪስታል ጠብታዎች

የፊዚክስ ሊቁ ኦቶ ሌማን እ.ኤ.አ. በ1855 በደቡብ ጀርመን በኮንስታንስ ከተማ ተወለደ። በስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ በመምህርነት ሠራ፤ በ1889ም በካርልስሩኸ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሃይንሪክ ኸርትስን ወንበር ተረከበ። ከእጁ የማይለየው መሣሪያ ማይክሮስኮፕ ነበር። ናሙናው በሌንሱ ሥር እንዳለ የሚሞቅበትንና የሚቀዘቅዝበትን ዘዴ ራሱ አበጅቶለት ነበር።

በማርች 1888 ፍሪድሪክ ራይኒትሰር የተባለ የፕራግ የዕፅዋት ተመራማሪ ግራ ያጋባውን ውሕድ ላከለት። ኮሌስቴሪል ቤንዞዌት በ145.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀልጦ ደመናማ ፈሳሽ ይሆናል፤ በ178.5 ዲግሪ ደግሞ በድንገት ይጠራል። ሌማን ደመናማው ፈሳሽ እየፈሰሰ ሳለ በዋልታዊ ብርሃን ፊት የክሪስታል ጠባይ እንደሚያሳይ አረጋገጠ። በ1889ም ፈሳሽ ክሪስታል መኖሩን በጽሑፍ አስታወቀ።

ይህ አባባል የዘመኑን ሊቃውንት አስቆጣ። ጉስታቭ ታማን ደመናማነቱ ካልተዋሐዱ ሁለት ነገሮች ድብልቅ የመጣ ነው ሲል ተከራከረ። ሌማን ግን ጠብታዎቹን መመልከቱንና መሳሉን አላቋረጠም፤ በ1904ም ሥራውን በትልቅ መጽሐፍ አሳተመ።

በጠብታ ውስጥ ሥርዓቱን የሚወስነው ገጹ ነው። ረዣዥሞቹ ሞለኪውሎች በገጹ ላይ ቀጥ ብለው ሲቆሙ፣ እንደ ጃርት እሾህ ዙሪያውን ተሰልፈው ወደ መሐል ያመለክታሉ፤ በመሐሉም አቅጣጫ የሚጠፋበት ነጥብ ይፈጠራል። በተሻገሩ ሁለት የብርሃን ማጣሪያዎች መካከል ሲታይም ጥቁር መስቀል ይወጣል። በገጹ ላይ ሲተኙ ደግሞ፣ እንደ ተላጠ ብርቱካን ክፋዮች ከዋልታ ወደ ዋልታ ይዘረጋሉ፤ ጉድለቱም በሁለቱ ዋልታዎች ላይ ይወድቃል። በ1900 ሌማን አንዳንድ ጠብታዎች ሙቀት ሲያልፍባቸው ሲሽከረከሩ አየ፤ የዚህ ምክንያት ከመቶ ዓመት በኋላም ሲያከራክር ቆይቷል።

ሌማን ስሕተት አልነበረበትም ማለት አይቻልም። ክሪስታሎቹን ከሕያው ፍጡር ጋር ማመሳሰሉ ጥርጣሬን አተረፈለት። ለኖቤል ሽልማት በተደጋጋሚ ቢታጭም አላገኘውም። በ1922 በካርልስሩኸ ዐረፈ፤ በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ዦርዥ ፍሪዴል የፈሳሽ ክሪስታልን ዓይነቶች በስም ለይቶ መደበ።

በ1980ዎቹ መሐንዲሶች እነዚህኑ ጠብታዎች በፕላስቲክ ውስጥ በትነው በኤሌክትሪክ የሚጠራ መስኮት ሠሩ። ሌማን ይህን አላየም፤ መንገዱን የጠረገው ግን እንግዳ ነገር ሲያይ ቆሻሻ ነው ብሎ አለማለፉ ነበር።