እርሳስ ይዞ ያነብ የነበረው ደራሲ

ድርሰት መጻፍ እንዴት ይለመዳል ብለን የምንጠይቅ የእንግሊዝኛ ተማሪዎች የሳሙኤል ጆንሰንን ሕይወት ብንመለከት ብዙ ትምህርት እናገኝበታለን። ስለ አገራችንም የጻፈ ሰው ስለ ሆነ ታሪኩ ይበልጥ ይቀርበናል።

ጆንሰን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1709 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ሊችፊልድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ በያዘው በሽታ ዓይኑና ጆሮው ተጐዱ። በከተማው ትምህርት ቤት ዋናው ትምህርት ላቲን ነበረ፤ መምህሩም በአርጩሜው የታወቀ ነበረ። እንደ ዛሬው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ራሱን የቻለ ትምህርት አልነበረም። አባቱ ግን መጽሐፍ ሻጭ ስለ ነበረ ልጁ በሱቁ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ያነብ ነበር።

በ1728 ዓ.ም. ኦክስፎርድ ገባ፤ ዳሩ ግን ገንዘብ ስላነሰው ከ13 ወር በኋላ ያለ ዲግሪ ወጣ። ጫማው አልቆ እግሩ ይታይ ነበርና አንድ ሰው አዝኖ አዲስ ጫማ በደጁ ቢያኖርለት ተቈጥቶ እንደ ወረወረው ይነገራል።

የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1735 ዓ.ም. የታተመው ትርጕም ነው። ይኸውም የፖርቱጋሉ ቄስ ጀሮኒሞ ሎቦ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው የጕዞ ታሪክ ሲሆን፥ ጆንሰን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ከዚህ በኋላ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ነገር ግን የመጡለት ተማሪዎች ጥቂት ስለ ነበሩ ብዙ ሳይቈይ ተዘጋ። በ1737 ዓ.ም. ከተማሪዎቹ አንዱ ከነበረው፥ ኋላ በተዋናይነቱ ከታወቀው ከዴቪድ ጋሪክ ጋር ወደ ሎንዶን ሄደ።

በሎንዶን ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ጀመረ። በ3 ዓመት እፈጽማለሁ ብሎ ያሰበው ሥራ 9 ዓመት ያህል ፈጅቶ በ1755 ዓ.ም. ታተመ፤ ከ40 ሺህ የሚበልጡ ቃላትም ይዞ ወጣ። አሠራሩም እንዲህ ነበረ። ታላላቅ ደራስያን የጻፉትን እርሳስ ይዞ ያነባል፤ ከሚፈልገው ቃል ሥር ያሰምራል፤ ረዳቶቹም ዓረፍተ ነገሩን በወረቀት ይገለብጣሉ። የቃሉን ትርጕም የፈለገው ቃሉ ከሚሠራበት ቦታ ነው። እኛም በክፍል ውስጥ አዲስ ቃል ብቻውን ስንሸመድድ ከፈተናው ማግስት ይጠፋብናል፤ በጥሩ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያገኘነው ግን ብዕራችን ሲፈልገው ይመጣል።

በ1759 ዓ.ም. እናቱ ሞተችበት። የቀብሯን ወጪና ዕዳዋን ለመክፈል በአንድ ሳምንት ምሽቶች ራሴላስን ጻፈ። መጽሐፉ ደስታ ሞልቶ በተረፈበት ሸለቆ የሚኖር አንድ የኢትዮጵያ ልዑል የተሻለውን የሕይወት መንገድ ለመፈለግ እንደ ወጣ ይተርካል። መንፈስ መጥቶ እስኪያነሣሣው ሳይጠብቅ የጻፈው፥ ብዙ ዘመን ያነበበው ስለ ተጠራቀመለት ነው።

ደግሞም በጃማይካ በባርነት የተወለደውን አገልጋዩን ፍራንሲስ ባርበርን በራሱ ገንዘብ ትምህርት ቤት አስገብቶ አስተማረው፤ ኋላም ዋና ወራሹ አደረገው። ጆንሰን በ1784 ዓ.ም. ሞቶ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ራሴላስን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶታል። ሆኖም ጆንሰን ኢትዮጵያን ከቶ አላያትም፤ የጻፈውም ሸለቆ ከመጽሐፍና ከሐሳቡ የወጣ ነው እንጂ የምናውቀው አገር አይደለም። እንግዲህ አንድ የባዕድ አገር ሰው በንባብ ብቻ ይህን ያህል ከጻፈልን፥ በገደሏና በሜዳዋ ያደግን ልጆቿ ዝም ብንል የሚያሳፍር አይሆንምን? በእንግሊዝኛም ሆነ በአማርኛ የምንማረው የአጻጻፍ ትምህርት ለፈተና ብቻ እንዳይቀር፥ ዘንድሮ ትምህርታችንን የምንፈጽም ጓደኞች ሁሉ እርሳሳችንን ይዘን እናንብብ፤ ያየነውንም እኛው እንጻፍ።