ኢልያ ሜችኒኮቭ

እርጎ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጉንጭ ብዙ ሚሊዮን ሕይወት ያላቸው ረቂቅ ተሕዋስያንን እንደሚውጥ ልብ አይለውም። እነዚህን በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ሆን ብሎ በምግብ ውስጥ ጨምሮ ሰውን መመገብ ይጠቅም ወይም ይጎዳ እንደሆነ አጥብቀው ከመረመሩት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ኢልያ ሜችኒኮቭ ነው። በምርምሩም የመጀመሪያው መፈተኛ ብዙ ጊዜ የገዛ አካሉ ነበር። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜችኒኮቭ በ1845 በዛሬዋ ዩክሬን፣ በካርኪቭ ከተማ አካባቢ በምትገኝ መንደር ተወለደ። አባቱ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ክብር ዘበኛ መኮንንና ባለርስት ነበር። ልጁ ግን ከጦር ሙያ ይልቅ ቅጠልና ነፍሳት መልቀም ይወድ ነበር። ስለ ዕፀዋት ንግግር በሚያደርግበት ጊዜ ቁጭ ብለው እንዲያዳምጡት ለወንድሞቹ ከኪሱ ገንዘብ ይከፍላቸው እንደነበር ይነገራል። በካርኪቭ ዩኒቨርሲቲ የአራት ዓመቱን ትምህርት በሁለት ዓመት ፈጸመ፤ ከዚያም በጀርመንና በኢጣሊያ የባሕር እንስሳትን ካጠና በኋላ፣ በ1870 በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። የመጀመሪያ ሚስቱ በሳንባ ነቀርሳ ታማ በ1873 ሞተችበት። ሐዘኑ እጅግ የበረታ ነበር። በ1875 ያገባት ሁለተኛዋ ሚስቱ ኦልጋ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አብራው ኖራለች፤ የሕይወት ታሪኩንም የጻፈችው እርሷ ናት።

በ1881 ግርሻ የተባለው ትኩሳት በደም የሚተላለፍ መሆኑን ለማወቅ ሲል የበሽተኛ ደም ወስዶ በራሱ ሰውነት ውስጥ አስገባ። ክፉኛ ታመመ፤ በጭንቅም ተረፈ። በሚቀጥለው ዓመት በኢጣሊያ አገር በመሲና የባሕር ዳርቻ ሳለ ስሙን ያስጠራውን ግኝት አገኘ። እንደ ብርሌ ጥርት ያለ አካል ባለው የኮከብ ዓሣ እጭ ውስጥ ቀጭን እሾኽ ሰክቶ አደረና፣ በማግስቱ ሲመለከት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾኹን ከበውት አገኘ። የሰው ነጭ የደም ሕዋሳትም እንደዚሁ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን እየዋጡ ሰውነትን እንደሚከላከሉ አስተማረ። በ1888 ወደ ፓሪስ ሄዶ ሉዊ ፓስተር ባቋቋመው ተቋም ሥራውን ቀጠለ።

በ1892 የኮሌራ ወረርሽኝ አውሮፓን ያስጨንቅ ነበር። የበሽታውን ባክቴሪያ ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ ቀደም ሲል ለይቶ አሳይቷል፤ ነገር ግን ባክቴሪያው በአፉ የገባበት ሰው ሁሉ የማይታመመው ስለ ምን እንደሆነ አልታወቀም ነበር። ሜችኒኮቭ በቤተ ሙከራ ያራባውን የኮሌራ ባክቴሪያ አንሥቶ ጠጣ። አልታመመም። ሌላ ሰው በፈቃዱ ጠጣ፤ እርሱንም ምንም አልነካው። ከዚህ በኋላ አንድ ወጣት እንደ እነርሱ ቢጠጣ በኮሌራ ተመትቶ ለሞት ተቃረበ። ወጣቱ እስኪያገግም ድረስ ሜችኒኮቭ በከባድ ጭንቀት ተይዞ ሰነበተ። ደግነቱ ልጁ ዳነ። ድፍረቱ የሚደነቅ ቢሆንም፣ በዛሬ ዓይን ሲታይ እንዲህ ያለው ሙከራ ፈጽሞ የማይፈቀድ ነው፤ የሁለት ሰዎች ደኅና መሆን ለሦስተኛው ዋስትና አልሆነውምና።

ሜችኒኮቭ ስለ ልዩነቱ ምክንያት ማሰላሰሉን አልተወም። ባክቴሪያዎችን በአንድ ዕቃ ውስጥ እያደባለቀ ሲያራባ፣ አንዳንዶቹ የኮሌራን ባክቴሪያ እድገት ሲረዱ ሌሎቹ ሲገቱት ተመለከተ። እንግዲያው በየሰው አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ተሕዋስያን የተለያዩ ከሆኑ፣ አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፈው በእነርሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል ሲል አሰበ። ከዚህም ተነሥቶ ክፉዎቹን በደጎቹ መተካት ይቻላል ወደሚል ሐሳብ ደረሰ። በእርሱ አስተያየት፣ በትልቁ አንጀት ውስጥ ምግብን የሚያበሰብሱ ባክቴሪያዎች መርዝ እያመነጩ የሰውን እርጅና ያፋጥናሉ። ወተት ከረጋ በኋላ በቶሎ የማይበሰብሰው ደግሞ ባክቴሪያዎች በሚያወጡት አሲድ ነው። በ1905 ቡልጋሪያዊው ተማሪ ስታመን ግሪጎሮቭ በጄኔቭ ሆኖ በአገሩ እርጎ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ለይቶ አሳወቀ። ሜችኒኮቭ ይህንኑ ባክቴሪያ መረጠ። የቡልጋሪያ ገበሬዎች ዕድሜ ረጅም ነው መባሉንም እንደ ማስረጃ አቀረበ፤ የዕድሜያቸው ምክንያት ሌላ ሊሆን እንደሚችል ግን በበቂ አልመረመረም።

ከኮሌራው ሙከራ በኋላ ጥንቃቄው ጨምሮ ነበር። ጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳንና የሌሎችን በሽታዎች ተሕዋስያን ሊይዝ ስለሚችል፣ ወተቱ አስቀድሞ እንዲፈላ፣ ከዚያም ተለይቶ የተራባ ንጹሕ ባክቴሪያ እንዲጨመርበት መከረ። በአገራችን በወይራ ጢስ በታጠነ ዕቃ የሚረጋው እርጎ በወተቱና በዕቃው ውስጥ በተገኙት ተሕዋስያን ሁሉ ስለሚረጋ፣ የሜችኒኮቭ እርጎ ከእርሱ የሚለየው በዚህ ነው። እርሱ ራሱ ለብዙ ዓመታት በየቀኑ ይጠጣ ነበር። ዝናው በተስፋፋ ጊዜ ነጋዴዎች ባክቴሪያውን በዱቄትና በክኒን መልክ እየሸጡ ስሙን ለማስታወቂያ ተጠቀሙበት። በ1908 ከፖል ኤርሊኽ ጋር የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ግን የተሸለመው ስለ እርጎው ሳይሆን ስለ ሰውነት የመከላከል ኃይል ባደረገው ጥናት ነበር።

ልቡ ደክሞ በተኛ ጊዜ፣ ከሞተ በኋላ ሬሳው እንዲመረመርና አንጀቱም በጥንቃቄ እንዲታይ የሥራ ባልደረባውን አደራ አለው። በሐምሌ ወር 1916 በፓሪስ በ71 ዓመቱ ዐረፈ። ዐመዱ በፓስተር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጧል።

የእርሱን ሐሳብ መፈተኑ ለሌሎች ተረፈ። በአሜሪካ ሌኦ ሬትገርና ሃሪ ቼፕሊን በ1921 ባሳተሙት ጥናት፣ የቡልጋሪያው ባክቴሪያ በሰው አንጀት ውስጥ ሥር ሰዶ እንደማይቀመጥ አሳዩ። ስለዚህ ሜችኒኮቭ ያሰበው መተካት በዚህ ባክቴሪያ አልተፈጸመም። ሆኖም በምግብና በእንስሳት መኖ ውስጥ ሕያው ተሕዋስያንን መጨመር እየተስፋፋ ሄደ፤ ለጥጃ፣ ለአሳማና ለዶሮ ጫጩት በሚሰጥ መኖ ውስጥ ሳይቀር ይጨመራሉ። በዚህም የተነሣ የደኅንነታቸው ጥያቄ እንደገና ተነሣ።

በዛሬው ዘመን መርማሪዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ተሕዋሱ በትክክል ማን እንደሆነ ነው። አንድ ስም ያላቸው ባክቴሪያዎች ሁሉ ጠባያቸው አንድ አይደለምና፣ የዘር ንድፋቸው ሙሉ በሙሉ ይነበባል። መርዝ ያመነጭ እንደሆነም ይጣራል። ሦስተኛው ጉዳይ ሜችኒኮቭ ሊያስበው ያልቻለው ነው፤ በእርሱ ዘመን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ገና አልተስፋፉም ነበር። ራሱ ምንም ጉዳት የማያደርስ ባክቴሪያ መድኃኒትን የሚቋቋምበትን ዘር ተሸክሞ በአንጀት ውስጥ ለሚገኝ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊያስተላልፍ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ጫጩቱ ወይም ሰውየው ዛሬ ደኅና ሆኖ ቢታይም፣ ጉዳቱ ነገ ሌላ በሽተኛ መድኃኒት እንቢ ባለው ጊዜ ይገለጣል። ከዚህም በላይ ለመኖ የሚጨመረው ነገር ለእንስሳው ብቻ ሳይሆን፣ ከከረጢቱ ሲገለብጥ ብናኙን ለሚተነፍሰው ሠራተኛም ይመረመራል።

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2007 ረጅም የአገልግሎት ታሪክ ያላቸውንና አስጊ ያልሆኑትን ተሕዋስያን የሚዘረዝርበትን ሥርዓት ጀመረ። በዝርዝሩ የገቡት የተወሰኑት ነጥቦች ብቻ ይጣሩባቸዋል እንጂ ምርመራው ሁሉ ከመጀመሪያው አይደገምም። የሜችኒኮቭ የቡልጋሪያ ባክቴሪያ በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል። ኢንቴሮኮከስ ፌሲየም የተባለው ባክቴሪያ ግን ለመኖ ሲያገለግል የኖረ ቢሆንም ከወገኖቹ አንዳንዶቹ በሆስፒታል በሽተኞች ላይ በሽታ ስለሚያስከትሉ በዝርዝሩ አልገባም፤ እያንዳንዱ ዘር ለብቻው ይመረመራል።